የኦርጋኑ መጋረጃ

ጥቅምት 6

ለአቶ ይሉኝታ፣

ጤናዬን ለጠየቅከው፣ ደህና ነኝ። የጉልበትህን ታሪክም ገጽ ሙሉ አንብቤዋለሁ፤ ይማርህ። ስልክ ለምን አታነሺም ብለሃል። የማላነሳው መስመሩ ስለማይረባ ነው። አንተም ጡረታ ከወጣህ ወዲህ ግማሹን ቃል እየዋጥክ ነው የምታወራው። ብቻህን አይደለህም፤ ዘንድሮ አፉን ከፍቶ የሚናገር ሰው ጠፍቷል። መጋቢው ስብከቱን ለጢሙ ነው የሚነግረው። የዳቦ ቤቷ ልጅ ስትናገር ከንፈሯ አይነቃነቅም፣ ምን አልሽ ብዬ ስደግማት ትቆጣለች። ስለዚህ ጻፍልኝ። ጽሑፍህ ቢያንስ አያጉተመትምም።

አዎ፣ ደብዳቤው ለእኔም ደርሶኛል። “ለረጅም ዘመን አገልግሎት የተዘጋጀ የምስጋና ፕሮግራም” ይላል፣ በታኅሣሥ ወር፣ እሁድ ከሰዓት። የኮሚቴው ሰብሳቢ ልጄ እንደሆነች ታውቃለህ። ሁለት መንገድ ተሻግራ የምትኖር፣ በየቀኑ እቤቴ የምትመጣ ልጅ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በፖስታ ላከችልኝ። አንብቤ ስጨርስ ከኩሽናዬ ወጥታ “ምን ይላል?” አለችኝ። “አንቺው ንገሪኝ” አልኳት። ተመልሳ ገባች።

የሕይወት ታሪኬን እንድትጽፍ አንተ መመረጥህ አያስገርምም። ዕድሜህን ሙሉ ማዘጋጃ ቤት ተቀምጠህ የከንቲባ ንግግር ስትጽፍ ኖርክ። በአንተ ንግግር ያፈረ ከንቲባ የለም፤ ንግግሩን በማግስቱ ያስታወሰ ሰውም የለም።

ጥያቄዎችህን ልመልስ። “እምነት እንዴት ወደ ልብሽ ገባ?” ብለሃል። ሲገባ አላየሁትም። አባታችን እሁድ እሁድ እየጎተተ ይወስደናል፣ አንተ ወንበር ስር ትተኛለህ፣ እኔ ኦርጋኑን አያለሁ። የሚጫወቱት ሴትዮ ሲሞቱ ሌላ የሚያውቅ ስላልነበረ እኔ ተቀመጥኩ። ሌላው ሰው ብርሃን ታየኝ፣ ድምፅ ጠራኝ ይላል። እኔን የጠራኝ የለም። ወናፉን በእግርህ ካልረገጥከው ኦርጋኑ አይተነፍስም፤ ጸሎቴ ይኸው ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በሸሚዝ ፋብሪካው የስፌት መኪና ረገጥኩ፣ እሁድ ወናፍ ረገጥኩ። እግዜር ከእኔ ዘንድ የሚያውቀው ነገር ቢኖር እግሬን ነው።

አሁን ደግሞ ደብዳቤው መጨረሻ ላይ “እረፍት” የምትል ቃል ሸጉጠዋል። “ለተገባው እረፍት” ነው የሚሉት። ጅል መሰልኳቸው። ከዓመት በፊት ከኋላዬ አንድ ባለኪቦርድ አስቀመጡ፣ “ሊያግዝሽ ነው” ብለው። ከመዝሙሩ ይልቅ ለጸጉሩ የሚጨነቅ ይመስለኛል። በጭብጨባና በአበባ ከወንበሬ ሊያነሱኝ ነው፣ ነገሩ ይኸው ነው። ከዚያ ወንበር የሚያነሳኝ ሰው ካለ ፊቴ ቆሞ ምክንያቱን ይንገረኝ። ከዚያ ውጭ አልነሳም።

እህትህ


ጥቅምት 21

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ጉልበቴን ግን ብርዱ ሲነካው አያስተኛኝም። ደብዳቤሽንም፣ ከዚያ በኋላ የላክሻትን አጭር ወረቀትም አግኝቻለሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ረቂቁን ስጽፍ ስሰርዝ ነው የከረምኩት፤ አብሬ ልኬልሻለሁ። ያልወደድሽው ካለ ሳትሰቀቂ ንገሪኝ፣ ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ተሰቅቀሽ እንደማታውቂ ትዝ አለኝ።

“ልጄ ምን ትጽፍልሃለች?” ላልሽው፣ እንዲያው ሰላምታ ነው። ስለ ሥራዋ፣ ስለ አየሩ። አንቺን በጣም ነው የምትወድሽ። ኮሚቴውም ክፉ አላሰበም።

አንድ ነገር ልለምንሽ እንጂ። እኔ በቅርቡ ጆሮዬን ሐኪም ዘንድ ሄጄ ታየሁ። ምንም አያሳምምም። በዕድሜአችን ሁሉም ሰው ቢታይ ጥሩ ነው ይላሉ። አንቺም ከልጅሽ ጋር ብትሄጂ ምናለበት? ሌላ ምንም ምክንያት ኖሮኝ አይደለም።

ወንድምሽ


ኅዳር 3

አቶ ይሉኝታ፣

ረቂቅህን ተቀምጬም አነበብኩት፣ ቆሜም አነበብኩት። በሁለቱም መንገድ እጅ እጅ ይላል። “የመዝሙር እናት”፣ “የማይነጥፍ ምንጭ”፣ “በትሕትና የኖረች”። ማናት ይህቺ ሴትዮ? በሕይወት ብትኖር ከመዘምራን የማወጣት እኔ ነበርኩ። ትሑት ሆኜ አላውቅም። ትሑት ሰው መዘምራን ቢመራ ሁሉም በየፊናው ነው የሚያዜመው።

“በልብስ ስፌት ሙያ አገልግላለች” ብለሃል። የኮሌታ ክፍል ነበርኩ በል። ሸሚዝ ላይ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ኮሌታውን ነው፤ ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ የለበሰው ዳኛም ቢሆን ጠጥቶ ያደረ ይመስላል። ማዕዘኑ ላይ ክሩን ሁለት ጊዜ እንመልሰዋለን፣ አንዴ የተሰፋ ማዕዘን በአጠባ ይፈታል። አዳራሹ ሙሉ መኪና ከጠዋት እስከ ማታ ሲጮህ ይውላል። እዚያ ማንም ማንንም አይሰማም፤ የምንተያየው ከንፈር ለከንፈር ነው። ሐሜቱን፣ ሠርጉን፣ ለቅሶውን ሁሉ በከንፈር ነው የጨረስነው። የክፍል ኃላፊው ምንም ስለማይገባው፣ አፋችንን ስናንቀሳቅስ የምንጸልይ ይመስለው ነበር። ይህን ጻፍ። “ሙያ” የምትለዋን ለከንቲባህ መልስለት።

ባሌን ደግሞ “የአገልግሎቷ ደጋፊ” አድርገኸዋል። የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፣ መዝሙር አይወድም፣ የኋላ ወንበር ላይ እያንኮራፋ ስብከት ጨርሷል። አንድ ጊዜ ወናፉ ተቀደደና ሽማግሌዎቹ ጉባኤ ጠርተው፣ ጸልየው፣ ኮሚቴ አቋቁመው ምንም ሳያደርጉ ክረምቱ ወጣ። ባሌ ከመሥሪያ ቤቱ አውቶቡስ የመቀመጫ ቆዳ ቀዶ አመጣና በአንድ ከሰዓት ጠገነው። የዚያን ጊዜው መጋቢ ቆዳውን ባርኮ አመሰገነ። እስከ ዛሬ ያ ጉባኤ የሚዘምረው በተሰረቀ ቆዳ ትንፋሽ ነው። ባሌን የወደድኩት ለዚህ ነው፤ አፉ ላይ ምንም አልነበረውም፣ እጁ ላይ ግን ነበረው። ይህንንም ጻፍ፤ እነሱ ይደንግጡ።

የአሠራሬንም ነገር ሸፋፍነኸዋል። እኔ ዘንድ ሕጉ አንድ ነው። ድምፁ ከዜማው የወረደ ሰው እዚያው፣ በሰው ፊት፣ ወርደሃል ይባላል። አብሮን የሚዘምረውን ጠበቃ ብያለሁ። የመጋቢውን ሚስት ብያለሁ፣ ባልየው ሲያፈጥብኝ እሱንም ብያለሁ። የገዛ ልጄን በአሥራ ሦስት ዓመቷ ከመስመር አውጥቼ “ሂጂና ተቀመጪ፣ የአንቺ ድምፅ ሌሎቹን ይዞ ይወርዳል” አልኳት። አላለቀሰችም። ይኸው ዛሬ ከጉባኤው ጋር እሁድ እሁድ ትዘምራለች፣ ምንም አልሆነችም። ጻፈው፣ ለዘመኑ ቅቤ አንጓች ትምህርት ይሆነዋል።

ጆሮህን ታየህ? እንኳን ደስ ያለህ። የእኔን ጆሮ ሐኪም ምን ቆርጦት ያየዋል? ከአርባ ሰው መሀል አንድ የወረደ ለቅሜ የማወጣበት ጆሮ ነው። ሐኪም የሚያሻው ኦርጋኑ ነው። ከዓመት ወዲህ ድምፁ ደክሟል። ጉልበቴ እስኪንቀጠቀጥ እረግጠዋለሁ፣ የሚመልስልኝ ግን ከሩቅ ሰፈር ነው። አይጥ ገብቶበት ይሆናል። በዚህ ሳምንት ጀርባውን እፈታዋለሁ።

እህትህ


ኅዳር 13

ወንድሜ፣

የኦርጋኑን ጀርባ ፈታሁ። አይጥ የለም። ጨርቅ አለ።

ድምፅ የሚሰጡት የነሐስ ምላሶች ላይ ጨርቅ በወግ በወጉ ታጥፎ ተደርድሯል። የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ ባለኪቦርዱ ላይ ነበር፤ ነገር ግን ያ ልጅ የራሱን ሸሚዝ እንኳ አስተካክሎ አያጥፍም። አንዱን አውጥቼ መስኮት ጋ ወሰድኩት። የመጋረጃ ጨርቅ ነው፣ ጠርዙ ማዕዘኑ ላይ ሁለት ጊዜ ተመልሶ የተሰፋ። የእኔ እጅ ነው። ልጄ ያገባች ጊዜ ለሳሎኗ የሰፋሁላት መጋረጃ ነው።

እንደነበረ መልሼ ዘጋሁት። እሁድ ተቀምጬ ተጫወትኩ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው። ምሳ ላይ ልጄ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ “ዛሬ ደስ ይል ነበር” አለችኝ። ፊቷን አየሁት። ዓይኗን በጨው አጥባለች።

እኔ የምጠላው ሌባ አይደለም፤ ሌባ አግብቼ ኖሬአለሁ። የምጠላው ከጀርባ የሚሠራ ሰው ነው። እንዲህ ያለች ልጅ ከየት አመጣሁ እያልኩ ነው የሰነበትኩት። እሷን አልጠይቃትም፣ ምክንያቱም ትዋሸኛለች። አንተም ትዋሸኛለህ፣ ግን አንተ ስትዋሽ ያስታውቅብሃል። ልጄ ኦርጋኔን ለምን አፈነችው? እሷን ኮሚቴው ገዛት ወይስ ከድሮም ትጠላኝ ነበር? ስለ አየሩ ብትጽፍልኝ ፖስታውን ሳልቀደው ነው የምመልሰው። ምስጋናቸው ላይ መሄድ አለመሄዴን፣ እቤቴ ልጄን ማስገባት አለማስገባቴንም በመልስህ ነው የምወስነው።

እህትህ


ኅዳር 26

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ሳጣፍጠው ስለሚበላሽብኝ እንዲሁ ልበለው። አትሰሚም።

ትንሽ ነገር አይደለም። ባለፈው ዓመት እናንተ ዘንድ ስመጣ ሁለተኛው መዝሙር ላይ እጅሽ አንድ ቁልፍ ዘሎ አረፈ። ጉባኤው አንድ ነገር ይዘምራል፣ ኦርጋኑ ሌላ። አንቺ ቀና ብለሽ እስከ መጨረሻው ስንኝ ተጫወትሽው። ማንም ዞር ብሎ አላየም፤ ለምደውታል። በር ላይ “እንዴት ነበር?” ስትዪኝ “እንደ ድሮው ነው” አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ ባሰብኩት ቁጥር ራሴን እንቀዋለሁ።

አንቺ ያላወቅሽው ለምን እንደሆነ ደግሞ አንቺው ነሽ የጻፍሽልኝ። ያ አዳራሽ ጆሮሽን እየበላ ዓይንሽን አስተማረው። የሰው ወሬ የምትሰሚው በዓይንሽ ነው። ጢሙ አፉን የሸፈነ መጋቢ የሚያጉተመትምብሽ፣ ስልክ የማይረባሽ፣ የዳቦ ቤቷ ልጅ የምታናድድሽ ለዚህ ነው። ልጅሽን አስተውያት። ፊት ለፊትሽ ሳትመጣ አንድ ቃል አትናገርሽም። ያን ቀን ከኩሽና ወጥታ የጠየቀችሽም ስለዚህ ነው።

ኮሚቴው ከወንበርሽ ሊያነሳሽ የወሰነው ዓምና ነው። የከለከለቻቸው እሷ ናት። “ድምፁን እኔ አሳንሰዋለሁ፣ ጉባኤውን ኪቦርዱ ይምራ፣ እናቴ ግን ትጫወት” ብላ ተከራክራ መጋረጃዋን ቆረጠችው። ዘንድሮ በቃ አሏት። የምስጋናውን ፕሮግራም ያመጣችው በክብር እንድትወጪ ብላ ነው። አልጠላችሽም፣ ማንም አልገዛትም።

ለምን ፊት ለፊት አልነገረችኝም ትያለሽ። ያንን የአሥራ ሦስት ዓመቷን ነገር ጻፍ ብለሽኛል። አልጽፈውም። አላለቀሰችም ያልሽው ፊትሽ ስላላለቀሰች ነው፤ እኔ ጓሮ አግኝቻታለሁ። እሁድ እሁድ ከጉባኤው ጋር ትዘምራለች ብለሻል። አትዘምርም፣ እትዬ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከንፈሯን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው። አንቺን ብቻ ነው ያታለለችው፣ ሌላው ሰው ሁሉ ያውቃል። ወርደሻል መባል ምን እንደሚያደርግ ስለምታውቅ በአንቺ ላይ ልታደርገው አልቻለችም።

ሰው መናቅ ካለብሽ እኔ እዚህ አለሁልሽ። እሷን ተያት።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 4

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጉልበትህን ሳታነሳ የጻፍከው የመጀመሪያው ነው። መልስ አትጠብቅ።

እህትህ


ታኅሣሥ 25

ወንድሜ፣

ሦስቱንም ወረቀቶችህን አግኝቻለሁ። አልሞትኩም። ደጋግመህ “ይቅር በይኝ” ማለትህን ተው፣ እኔ ዘንድ ሲበዛ ይሰለቻል።

ሐኪም ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። ሐኪሙ ጨዋ ልጅ ነው፤ የሚለውን በወረቀት እየጻፈ ሰጠኝ። ያንተን ያህል እንኳ አላጣፈጠውም። ጆሮዬ ላይ አንድ መሣሪያ አደረገልኝና ድምፅ መጣ፣ ግን ማንኪያ መሬት ላይ የሚወድቅ ዓይነት ድምፅ ነው። ለወሬ ያገለግላል፣ ለዜማ አይሆንም አለኝ። ለወሬ ዓይኔ ይበቃኛል ብዬ መለስኩለት። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ይህንንም ስለጠየቅከኝ ነው የምነግርህ፤ ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ።

ፕሮግራሙ ላይ ሄድኩ። የፊት ወንበር ላይ እንደ ሙሽራ ጎልተውኝ መጋቢው ያንተን ጽሑፍ አነበበ። አንድም ቃል አልያዝኩም። የት እንደደረሰ የምገምተው ከሰው ፊት ነው። ፋብሪካው ጋ ሲደርስ የድሮዎቹ የኮሌታ ክፍል ሴቶች ተጠቃቀሱ። ቆዳው ጋ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ፣ ስለዚህ ጽፈኸዋል ማለት ነው። ተመስገን፣ አንድ እውነት ከእጅህ ወጣ። ከዚያ እንባው መጣ። ዓምና ሙሉ ከጀርባዬ ሲንሾካሸኩ የነበሩት ሁሉ መሀረብ አወጡ። ጠበቃው ከሁሉ በላይ አለቀሰ፣ በሰው ፊት ወርደሃል ያልኩት ሰው። ከአንገት በላይ የሆነ ለቅሶ ያለ ድምፅ ስታየው እንዴት እንደሚያስቅ አታውቅም።

ስጦታቸውን ስማ። የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። በየሰዓቱ የሚመታ ነው፣ ሲመታ ያምራል አሉኝ። ይህን የመረጠው ኮሚቴ ነው፣ ተሰብስቦ፣ ተወያይቶ።

ተናገሪ ሲሉኝ ተነሳሁ። “ስሳሳት ዝም አላችሁኝ” አልኳቸው። “እኔ እንዲህ አላሳደግኳችሁም። እናንተ ስትወርዱ ነገርኳችሁ፣ እኔ ስወርድ አጨበጨባችሁልኝ። ንቄአችኋለሁ። ከሁላችሁ መሀል ስለ ኦርጋኑ አንድ ነገር ያደረገች አንዲት ሰው ናት፣ እሷንም ከመዘምራን ያወጣኋት እኔ ነኝ። ወንበሩን ለቅቄአለሁ። ባለኪቦርዱ ይቀመጥበት፤ ግራ እጁ ሰነፍ ነው፣ ሳይሸመግል ይነገረው።” አጨበጨቡ። ምን እንዳልኩ እንኳ ያዳመጡ አይመስለኝም። ባለኪቦርዱ ብቻ ግራ እጁን አየ። ያ ልጅ ሰው ይወጣው ይሆናል።

ልጄ ወደ ቤት ወሰደችኝ። አልሰደብኳትም፣ አላቀፍኳትምም፤ በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ሰው ልሆንልህ አልችልም። መጋረጃውን ከኦርጋኑ አውጥቼ፣ አጥቤና ተኩሼ አስቀምጬው ነበር፣ እሱን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩላት። አየችው። ማዕዘኑን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። የምሳውን ሳህን ሰብስባ ኩሽና ገባች። አሁንስ ጓሮ ሄዳ ታለቅስ ይሆናል ብዬ ተከተልኳት።

ጀርባዋን ሰጥታኝ ታጥባለች። መዘምራን ሲመራ የኖረ ሰው ዘማሪን ከጀርባው ያውቀዋል። የሚያወራ ሰው ትከሻው ነው የሚነሳው፣ የሚዘምር ሰው ጎኑ ነው የሚከፈተው። የልጄ ጎን ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሄጄ መዳፌን ጀርባዋ ላይ አደረግኩ። አጥንቷ ድረስ ይንቀጠቀጣል። እየዘመረች ነበር። እናቷ ቤት፣ እናቷ ባለችበት፣ ያለ ሥጋት፣ ምክንያቱም እናቷ አትሰማም።

ስነካት ደንግጣ ዞረች። እጇ በአረፋ እንደተሸፈነ፣ ያ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ፊት ተመልሶባት፣ “ወረድኩ?” አለችኝ።

አንተ ታውቀኛለህ። በዚህ ነገር ለመጋቢም፣ ለባሌም፣ ለእግዜርም ዋሽቼ አላውቅም። የሰማሁት አንዳች ነገር አልነበረም።

“አልወረድሽም” አልኳት፤ “ቀጥዪ።”

እህትህ